የትምህርት ዕቅዱና የቤተ ሙከራው መደርደሪያ ይተዋወቁ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ሳይንስ ትምህርት በጋዜጣ በተጻፈ ቁጥር ቅሬታው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት ላይ ነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ ልክደው አልተነሣሁም። ሆኖም በሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ባዮሎጂን ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ እንደመሆኔ፣ ከዕቃ እጥረት ባልተናነሰ ትምህርቱን የሚጎዳ፣ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ይመስለኛል እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። ጉዳዩም ዕቅድ መጻፍና ዕቃ ማዘጋጀት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው መቅረታቸው ነው። መምህሩ ዕቅዱን በአንድ ቅጽ ይጽፋል፤ የዕቃው ጥያቄ በሌላ ቅጽ፣ በሌላ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው ይሞላል፤ ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙት ክፍለ ጊዜው በደረሰ ዕለት ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አንድ ዓመት ስለ ኢንዛይም፣ ማለትም በህዋስ ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን ስለሚያፋጥነው ፕሮቲን ሳስተምር፣ ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን ወደ ውኃና ኦክስጅን ሲሰባብር ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩ አቀድኩ። ዕቅዱ በቅጹ መሠረት እንከን አልነበረውም፤ ዓላማው ሊለካ በሚችል ግስ ተጽፏል፣ ደቂቃው ተከፋፍሏል፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም አይቶ ፈርሞበታል። በሰዓቱ ካታሌዝ ያለበትን የድንች ቁራጭ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ጨምሬ ፈሳሹን ሳፈስበት ግን ምንም አልሆነም። ጠርሙሱ ከተከፈተ ከዓመት በላይ ሆኖት ኖሮ፣ ያውም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጦ ስለከረመ፣ ፈሳሹ በራሱ ጊዜ ተሰባብሮ ከውኃ የማይሻል ሆኗል። ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ ግን ይህ አይደለም። በማግስቱ የሙከራ ዘገባቸውን ስሰበስብ ከግማሽ የሚበልጡት «አረፋ በብዛት ታይቷል» ብለው ጽፈዋል። መጽሐፉ ይታያል ስላለ፣ ያላዩትን አየን አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ያልተዘጋጀ ሙከራ ከቀረ ሙከራ የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቀረው ሙከራ ተማሪውን ምንም አያስተምረውም፣ ያልተዘጋጀው ግን መዋሸትን ያስተምረዋል።

ከአንድ ቀን በፊት አንዲት ጠብታ ፈሳሽ በድንች ቁራጭ ላይ ጣል አድርጎ ማየት ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አይወስድም ነበር። በዕቅዴ ውስጥ ግን ለዚያች ደቂቃ የተተወ ቦታ አልነበረም። አብዛኞቻችን የምንሞላው የዕለት ዕቅድ ቅጽ «የመርጃ መሣሪያ» የሚል አንድ ጠባብ ዓምድ አለው፤ እዚያ ውስጥ «ቻርት፣ የተማሪው መጽሐፍ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ዕቃው በቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሚያዘጋጀው፣ ከስንት ቀን በፊት መጀመር እንዳለበት የሚጠይቅ የለም። ቅጹን ያወጡት ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፤ ለሁሉም የትምህርት ዓይነት እንዲበቃ አድርገው ስላወጡት ነው። ባዮሎጂ ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ዕቃው ሕያው ነው። ለፊዚክስ የሚያስፈልገው ፔንዱለም ከመደርደሪያ ወርዶ በዚያው ሰዓት ይወዛወዛል። ዘር ግን ሰኞ ተዘርቶ ሰኞ አይበቅልም፤ የክፍለ ጊዜ ድልድላችንንም አያውቅም።

ስለዚህ በከፍተኛው ክፍል የሚሰጥ የባዮሎጂ ዓመታዊ ዕቅድ ከኋላ ወደ ፊት መቆጠር አለበት የሚል ሐሳብ አለኝ። ሙከራው ከሚሠራበት ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠሩ፣ ምን በየትኛው ቀን መጀመር እንዳለበት ማወቅ ማለት ነው። ለምሳሌ ቅጠል በብርሃን ስታርች መሥራቱን ለማሳየት ተክሉ አስቀድሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በጨለማ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ቀድሞ የተከማቸው ስታርች ይቀርና ማነጻጸሪያው ቅጠል ራሱ በአዮዲን ይጠቁራል። ስለዚህ ትምህርቱ ማክሰኞ ከሆነ ተክሉ ጨለማ የሚገባው እሑድ ነው፤ እሑድ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ይህን ቀድሞ ያሰበ መምህር ትምህርቱን ወደ ሐሙስ ያዛውራል። በሽንኩርት ሥር ጫፍ ላይ የህዋስ ክፍፍልን ለማየት፣ ሽንኩርቱ ታችኛው ክፍል ውኃ እየነካው ሥር እንዲያወጣ ጥቂት ቀናት መቀመጥ ይኖርበታል። የበቀሉ ዘሮች አተነፋፈስን ለመለካት ዘሩ አስቀድሞ ተዘፍዝፎ ማጎንቆል አለበት፤ በዚያው ላይ ለማነጻጸሪያ የሚሆን የተቀቀለ ዘር መዘጋጀት አለበት።

ከሁሉ ረጅሙ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ድሮሶፊላ የምትባለው ይህች ትንሽ ዝንብ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዝንብ ለመድረስ 10 ቀን ያህል ይበቃታል፤ ክፍሉ ቀዝቀዝ ካለ ጊዜው በብዙ ይረዝማል። የመጀመሪያውን ማዳቀል ለማካሄድ ከወንድ ጋር ገና ያልተገናኙ ሴት ዝንቦች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ ደግሞ ከሙሽሬያቸው፣ ማለትም ሙሉ ዝንብ ከመሆናቸው በፊት ከሚያርፉበት ሽፋን በወጡ በ8 ሰዓት ውስጥ ካልተለዩ ከወንዶቹ ጋር ተገናኝተው ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ አይታመንም። በዚህ ስሌት ሁለተኛውን ትውልድ ቆጥሮ 3 ለ1 የሚለውን የባሕርያት ንጽጽር ለማየት ከአንድ ወር የማያንስ ጊዜ፣ መነሻውን የዝንብ ዘር ማብዛት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። የዘረመል ምዕራፍ በሚጀመርበት ሳምንት ስለ ዝንብ ማሰብ የጀመረ መምህር ሙከራውን አይደርስበትም። የዘረመል ተመራማሪው ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 ነጭ ዓይን ስላለው ወንድ ዝንብ የዘገበውን ታሪክ ተርኮ ያልፋል፤ ታሪኩ ግሩም ነው፣ ግን ታሪክ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ስል «ሁሉንም ሙከራ ለመሥራት ጊዜው የት አለ?» ይሉኛል። ትክክል ናቸው፤ የለም። ለዚህም ነው ሁለተኛው ሐሳቤ ከመጀመሪያው የማይለየው። ምዕራፎቹ በገጽ ብዛት እኩል ስለተመዘኑ ብቻ ጊዜንና ዕቃን እኩል ማካፈል የለብንም። በባዮሎጂ ተማሪው አንብቦ የሚረዳቸው ብዙ ነገሮች አሉ፤ የምግብ መፍጫ አካላትን ቅደም ተከተል ለማወቅ ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚወስድ ንግግር አያስፈልግም። በአንጻሩ ዓመት ከዓመት፣ ጎበዝ የሚባሉት ተማሪዎች ሳይቀሩ የሚሰናከሉባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ ተክል በቀን ፎቶሲንተሲስን፣ በሌሊት ብቻ መተንፈስን ያካሂዳል ማለት፣ ዝግመተ ለውጥን ፍጡሩ «ስለፈለገ» ያመጣው ለውጥ አድርጎ መቁጠር፣ የዘር ህዋስ የሚያስገኘውን የማዮሲስን ሁለት ክፍፍሎች ከተራው የህዋስ ክፍፍል ከማይቶሲስ ጋር ማምታታት፣ ውኃ በህዋስ ሽፋን ወዲያና ወዲህ ለምን እንደሚሄድ አለመረዳት። ዕቃችንና ድርብ ክፍለ ጊዜያችን እዚህ ላይ ይዋል ባይ ነኝ። አንድ መምህር ዓመቱ ሲጀምር ካለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ተማሪዎቹ የተሳሳቱባቸውን ቦታዎች ለቅሞ ቢያወጣ፣ ማንኛውም ጥራዝ መመሪያ የማይተካው ካርታ በእጁ ይገባል።

ነገሩ በተጨባጭ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ኦስሞሲስን፣ ማለትም ውኃ በህዋስ ሽፋን በኩል ማለፉን ልውሰድ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አንባቢ ይፍቀድልኝ። የታወቀው ሙከራ፣ እኩል መጠን ያላቸውን የድንች ቁራጮች በተለያየ ጥንካሬ ባለው የስኳር ውሁድ (በውኃ የሟሟ ስኳር) ውስጥ ዘፍዝፎ የክብደታቸውን ለውጥ መለካት ነው። በመጽሐፍ ሁለት መስመር ነው። ዕቅድ የሚሆነው ግን ስሌቱ ሲሠራ ነው። ከ0 እስከ 1 ሞላር (ሞላር በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟውን መጠን መለኪያ ነው) በ0.2 ልዩነት ስድስት ውሁዶች ይኑሩን እንበል፤ ለእያንዳንዱ 20 ሚሊ ሊትር ቢበቃ አንድ ቡድን በድምሩ 60 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ውሁድ፣ 60 ሚሊ ሊትር ደግሞ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። አሥር ቡድኖች ካሉ 600 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የሱክሮዝ፣ ማለትም የተራው ስኳር፣ ሞላር ክብደት ወደ 342 ግራም ስለሆነ፣ ለጠቅላላው ክፍል የሚያስፈልገው ስኳር 205 ግራም ገደማ ነው። ይህች ቁጥር በዕቅዱ ላይ ስትጻፍ «የዕቃ እጥረት» የምንለው ነገር መልኩን ይለውጣል፤ ስኳሩ ሩብ ኪሎ አይሞላም።

እውነተኛው እጥረት ሚዛኑ ዘንድ ነው። አሥር ቡድኖች ስድስት ስድስት ቁራጭ ቢመዝኑ 60 ምዘና ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በወረቀት ደርቆ ለመመዘን 20 ሰከንድ ቢወስድ አንድ ሚዛን ላይ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሰልፍ ይፈጠራል፤ ከተዘፈዘፈ በኋላ ደግሞ ሌላ 20 ደቂቃ። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እዚያው አለቀ፤ ድንቹ የሚዘፈዘፍበት ጊዜ እንኳ የለም። መፍትሔው ሌላ ሚዛን መግዛት ላይሆን ይችላል። ክፍሉን በስድስት ቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ውሁድና ሦስት ቁራጭ ብቻ መስጠት ይቻላል፤ ምዘናው ወደ 18፣ ጊዜው ወደ 6 ደቂቃ ይወርዳል፤ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ በጋራ ይሰበሰባል። በዚህ መንገድ ተማሪው የራሱ ቡድን ስሕተት ለመላው ክፍል ግራፍ እንደሚተርፍ ስለሚያውቅ ቁራጩን አድርቆ መመዘን ለምን እንዳስፈለገ መምህሩ መወትወት አይኖርበትም። መዘፍዘፉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚሻ፣ ድርብ ክፍለ ጊዜ ካልተገኘ ዘፍዝፎ ማስቀመጥን ከዕረፍት በፊት፣ ምዘናውን ከዕረፍት በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን ድልድል ከሚያወጣው ሰው ጋር በሴሚስተሩ መጀመሪያ መነጋገርን ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከፍተኛ ክፍል ትምህርት የሚባለው። ለውጡ ለምን በግራም ሳይሆን በመቶኛ ይሰላል? ቁራጮቹ ሲጀመር እኩል ስላልሆኑ። ሦስት ቁራጭ ለምን አስፈለገ? አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ እንዲያጋልጡት። ግራፉ የዜሮውን መስመር የሚያቋርጥበት ነጥብ ምን ይነግረናል? ወደ ድንቹ ህዋስ የሚገባውና ከእሱ የሚወጣው ውኃ እኩል የሆነበትን፤ ይህም ብዙ ጊዜ በ0.2 እና በ0.4 ሞላር መካከል ይወድቃል። ተማሪው ከዚህ በኋላ «ዋተር ፖቴንሻል» የሚለውን፣ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነውን ነገር ስም ሲሰማ የሚያስታውሰው ድንቹ የለሰለሰበትንና የጠነከረበትን ስሜት ነው። እኔ እንደታዘብኩት ይህን አንድ ሙከራ በደንብ መሥራት በዓመቱ ውስጥ አምስት ሙከራዎችን በችኮላ ከማሳየት ይበልጣል። የማይስማሙኝ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

አንድም የቤተ ሙከራ ዕቃ ሳይኖር ሊሠራ ስለሚችለው ደግሞ ጥቂት ልበል፤ በዕቅዳችን ውስጥ ከሁሉ የተረሳው ሀብት ይህ ነውና። ሀብቱም ሌሎች ሰዎች ያገኙት እውነተኛ ውጤት ነው። የዘረመል ጥናት መሥራቹ ሜንዴል በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ በሁለተኛው ትውልድ 5474 ድቡልቡልና 1850 የተጨማደዱ የአተር ፍሬዎች መቁጠሩን ጽፏል። ብዙ ጊዜ ለተማሪው የምንነግረው «3 ለ1» ብለን ነው። ቁጥሮቹን እንዳሉ ብንሰጠውስ? ድምሩ 7324 ነው፤ በ3 ለ1 ግምት 5493 እና 1831 መሆን ነበረበት፤ ልዩነቱ በሁለቱም በኩል 19 ነው። ይህ ልዩነት የዕድል ነው ወይስ የግምቱ ስሕተት? ልዩነቱ የዕድል መሆን አለመሆኑን የሚመዝነው ካይ ስኩዌር ሲሰላ ወደ 0.26 ይመጣል፤ በአንድ የነጻነት ደረጃ በ5 ከመቶ የሚጠበቀው ወሳኝ ቁጥር 3.84 ስለሆነ ግምቱን የምንጥልበት ምክንያት የለም። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ጠመኔና ቢበዛ አንድ የሒሳብ ማሽን ነው።

እንዲሁ የዲኤንኤ መባዛት። ተመራማሪዎቹ ሜሰልሰንና ስታል በ1958 ያወጡትን ሙከራ ውጤቱን ብቻ ሰሌዳ ላይ መሣል ይበቃል። በከባዱ ናይትሮጂን 15 ያደጉ ባክቴሪያዎች ወደ ቀላሉ ናይትሮጂን 14 ሲዛወሩ ከመጀመሪያው ትውልድ በኋላ በመካከለኛ ክብደት ላይ ያለ አንድ መስመር ብቻ ይታያል፤ ከሁለተኛው በኋላ አንድ መካከለኛና አንድ ቀላል። ለዲኤንኤ መባዛት ሦስት አማራጭ መላ ምቶችን ለተማሪዎች ሰጥቶ፣ የትኛው በየትኛው ትውልድ እንደወደቀ በቡድን እንዲከራከሩ ማድረግ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ደስ የሚል ክፍለ ጊዜም ነው። የመጀመሪያው ትውልድ አሮጌው ዲኤንኤ እንዳለ ይቀራል የሚለውን ይጥላል፤ ሁለተኛው ደግሞ አሮጌው በየቦታው ይበታተናል የሚለውን፤ የሚቀረው እያንዳንዱ አዲስ ዲኤንኤ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ነው የሚለው ነው። መምህሩ መልሱን ቀድሞ ከተናገረ ግን ትምህርቱ ጠፋ፤ ስለዚህ በዕቅዱ ላይ «እዚህ ድረስ መልስ አይነገርም» ተብሎ መጻፍ አለበት። ፎቶሲንተሲስ ሲጀመር ደግሞ ከጥንቱ ተመራማሪ ከቫን ሄልሞንት የአኻያ ዛፍ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። 5 ፓውንድ የነበረው ችግኝ በ5 ዓመት 169 ፓውንድ ሲሞላ አፈሩ የጎደለው 2 አውንስ ገደማ ብቻ ነው፤ እሱም ክብደቱ ሁሉ ከውኃ መጣ ብሎ ደመደመ። ድምዳሜው ከ1648 ጀምሮ ታትሞ ይገኛል። ተማሪዎቹን «ምን ረሳ?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት ነው። ዝምታው ረዘም ሊል ይችላል፤ መምህሩ ይታገሥ።

ስለ ኮምፒውተር ምስለ ሙከራ የሚጠይቁኝ አሉ። ጥሩ ናቸው፤ በተለይ የተፈጥሮ ምርጫን የመሰለ በብዙ ትውልድ የሚታይ ነገር በአንድ ሰዓት ለማሳየት የሚተካከላቸው የለም። ነገር ግን በማያ ገጽ ላይ ያለው ድንች ተበላሽቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ መጽሐፉ ያለውን ይሠራል። ሙከራ ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ ማሰብ ከሚሰጠው ትምህርት የሚቀር ነገር እንዳለ ማወቅ ያሻል።

የማይክሮስኮፕ ነገር ከሚዛኑ ጋር አንድ ነው። ለ50 ተማሪ አንድ መሣሪያ ካለ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ብንሰጥ 50 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ደግሞ የራሱን የዓይን ሽፋሽፍት ያያል እንጂ ህዋስ አያይም። የሥር ጫፉን ስላይድ መምህሩ አስቀድሞ ሠርቶ፣ በስልክ ካሜራ በዓይን መመልከቻው በኩል ፎቶ አንሥቶ፣ ፎቶውን በትልቁ አትሞ ቢያድል ተማሪዎቹ ስንት ህዋስ በክፍፍል ላይ እንዳለ፣ ስንቱ እንዳልጀመረ ቆጥረው የክፍፍሉን መጠን ማስላት ይችላሉ። አብዛኞቹ ህዋሶች በክፍፍል ላይ አለመሆናቸው ሁልጊዜ ያስደንቃቸዋል፤ የመጽሐፉ ሥዕል አራቱን ደረጃዎች ጎን ለጎን ስለሚያሳይ ህዋስ ሥራው መከፈል ብቻ ይመስላቸዋል። በፎቶው ላይ መጠንንም ማስላት ይቻላል፤ በ150 እጥፍ በጎላ ምስል 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ህዋስ እውነተኛ ርዝመቱ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 300 ማይክሮ ሜትር ነው። ተራ ደርሶት መሣሪያውን የሚነካ ተማሪ ምን እንደሚፈልግ አውቆ ይሄዳል።

ጥንቃቄን በተመለከተ በአጭሩ አልፋለሁ፤ ማሳጠሬ ግን ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። አልኮል በክፍት እሳት ላይ አይሞቅም፤ ቅጠል የሚቀቀልበት አልኮል እሳቱ ጠፍቶ በሞቀ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ባክቴሪያ በምናሳድግበት ጊዜ ሳህኑ በሰው ሰውነት ሙቀት ሳይሆን በ25 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል፤ ክዳኑ በሁለትና በሦስት ቦታ በፕላስተር ይያያዛል እንጂ ዙሪያውን አይታሸግም፣ ኦክስጅን ሲያጣ አደገኛ ተሐዋስያን ሊያድጉበት ይችላሉና። ካደገ በኋላ አይከፈትም፤ የሚወገደውም በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ በእንፋሎት ግፊት ከተቀቀለ በኋላ ነው። እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች በግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው የደንብ ወረቀት ይልቅ በዕለቱ ዕቅድ ላይ፣ አደጋው በሚመጣበት ደቂቃ ትይዩ ቢጻፉ ይሻላል።

ለትምህርት ቤት አመራሮችና ዕቅድ ለሚቆጣጠሩ ሰዎች የማቀርበው ጥያቄ ብዙ አይደለም። በባዮሎጂ የዕቅድ ቅጽ ላይ ያለው «የመርጃ መሣሪያ» ዓምድ ሰፍቶ ምን፣ ስንት፣ ማን ያዘጋጀዋል፣ ከስንት ቀን በፊት የሚሉትን ይጠይቅ። ዕቅድ የሚፈትሸው ሰው ግሱ የሚለካ መሆኑን ከማየቱ በፊት ሙከራው አስቀድሞ መሞከሩን ይጠይቅ፤ ያልተሞከረ ከሆነ አይፈርም። የግዢ ጥያቄ ሲዘጋጅ አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት የሚቆየው ከሚያልቀው ተለይቶ ይጻፍ፤ ማይክሮስኮፕ ተገዝቶ ስላይድና ማቅለሚያ ባለመኖሩ በሳጥኑ ውስጥ የሚያድርባቸው ቦታዎች እንዳሉ የማያውቅ የባዮሎጂ መምህር የለም። የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ካለ ደግሞ ዓመታዊ ዕቅዱ ሲወጣ አብሮ ይቀመጥ። ብዙ ጊዜ እሱ የሚሰማው ከደወሉ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚወቀሰውም እሱ ነው፤ ይህ ተገቢ አይመስለኝም።

መምህራንንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ዕቅድ በየዓመቱ ከዜሮ መጻፉ ይቅር። በትምህርት ክፍሉ አንድ ደብተር ይኑርና ትምህርቱ ካለቀ በኋላ በዚያው ቀን፣ ቢበዛ አምስት መስመር፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ይመዝገብ። «ሽንኩርቱ ሥር ለማውጣት አራት ቀን ወሰደ፤ ሁለቱ ምንም አላወጡም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ይዘፍዘፍ» የሚል አንድ መስመር ለሚመጣው መምህር ከአንድ ሙሉ የሥልጠና ቀን ይበልጥበታል። እኔ እንዲህ ያለ ደብተር መያዝ የጀመርኩት ከዚያ የፐርኦክሳይድ ቀን በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍም ጠርሙሱ የተከፈተበትና የተፈተሸበት ቀን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ትምህርት ስሰጥ የሞተውን ጠርሙስ አልጣልኩትም። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አቅርቤ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልናገር፣ በሁለት ቱቦ ያዩትን ብቻ እንዲጽፉ አዘዝኩ። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ በሁለተኛው ምንም የለም፤ ምንም የለም ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። ጻፊ አልኳት።

ጋዜጣችሁ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሌሎች የባዮሎጂ መምህራን በየቤተ ሙከራቸው የለመዱትን የዝግጅት ቀናት፣ ምን ከስንት ቀን በፊት እንደሚጀመር፣ ጽፈው የሚልኩበት ትንሽ ቦታ በአንባብያን ዓምድ እንድትሰጡን እጠይቃለሁ። የእኔን ዝርዝር ለመጀመሪያው ዕትም ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር